ማሳሰቢያ፦ «ኳድሮ አለው» ተብሎ የሚሸጥ የጌም ኮምፒውተር ለምትገዙ ሁሉ

«ኮር አይ 7፣ 16 ራም፣ 512 ኤስኤስዲ፣ 8 ጊጋ ግራፊክስ፣ ኳድሮ፣ ለጌም፣ ለኢዲቲንግ፣ ለአርክቴክቸር የሚሆን፣ ስላይትሊ ዩዝድ።» በቴሌግራም የሽያጭ ቻናሎች ላይ ይህን የመሰለ ማስታወቂያ ያላየ ሰው ካለ ስልኩን የማይከፍት መሆን አለበት። ፕሮሰሰሩም፣ ራሙም፣ ኤስኤስዲውም አብዛኛውን ጊዜ እንደተባለው ናቸው። ገዢው የሚጎዳው መሀል ላይ በተቀመጡት ሁለት ነገሮች ነው፤ «8 ጊጋ» እና «ኳድሮ» በሚሉት። ይህ ማሳሰቢያ ጌም ለመጫወት ወይም ለልጁ የጌም ኮምፒውተር ለመግዛት ብሎ ገንዘብ የቋጠረን ሰው ይመለከታል።

ሲጀመር ኳድሮ መናኛ ዕቃ አይደለም፤ የውሸት ዕቃም አይደለም። ኤንቪዲያ ካርዶቹን ለሁለት ዓይነት ደንበኛ ሲያቀርብ ኖሯል። ጂፎርስ ለተጫዋቹ ነው፤ ኳድሮ ደግሞ ቢሮ ተቀምጦ የሞተር ክፍል ወይም ድልድይ ለሚነድፈው መሐንዲስ። ተፎካካሪው ኤኤምዲም በተመሳሳይ ራዲዮን እና ፋየርፕሮ ነበሩት፤ ፋየርፕሮ ኋላ ላይ ራዲዮን ፕሮ ተብሏል። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ በሚያወጣቸው ካርዶች ላይ ኳድሮ የሚለውን ስም ትቶታል። እኛ ገበያ የሚገቡት ግን አብዛኞቹ ከዚያ በፊት የተሠሩ፣ የውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች ለዓመታት ተጠቅመው ያሰናበቷቸው ስለሆኑ፣ ስሙ አዲስ አበባ ውስጥ ገና ብዙ ዕድሜ ይቀረዋል።

ሻጭ የማይነግራችሁ፣ ምናልባትም ራሱ የማያውቀው፣ በሁለቱ ዓይነት ካርዶች ውስጥ ያለው ቺፕ ብዙ ጊዜ አንድ መሆኑን ነው። ያገለገሉ የኤችፒና የዴል ወርክስቴሽን ዴስክቶፖች ላይ ተሰክቶ የሚመጣው ኳድሮ ኬ2000 እ.ኤ.አ. በ2013 ሲወጣ ዋጋው 600 ዶላር ገደማ ነበር። ቺፑ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በ109 ዶላር ለገበያ ከቀረበው ጂቲኤክስ 650 ጋር አንድ ነው፤ ሁለቱም 384 ኮር፣ ማለትም ስሌቱን የሚሠሩ ትንንሽ ክፍሎች፣ አላቸው። የኳድሮው ቺፕ እንዲያውም ረጋ ብሎ ነው የሚሠራው፤ ሜሞሪው በሰከንድ 64 ጊጋባይት ሲያስተላልፍ የጂቲኤክሱ 80 ያስተላልፋል። ጌም ላይ ሲገናኙ የሚቀድመው የ109 ዶላሩ ነው።

ታዲያ ልዩነቱ፣ ያ 500 ዶላር ገደማ የሚሆነው፣ ምን ገዛ? ትልቁ ክፍል የሚሄደው ካርዱን ለሚያሠራው ሶፍትዌር፣ ለድራይቨሩ፣ እና ከጀርባው ላለው ድጋፍ ነው። ሶሊድወርክስን ወይም ካቲያን የሚሠሩት ኩባንያዎች ሶፍትዌራቸውን በየካርዱ ሞዴል እየፈተኑ «በዚህ ካርድ፣ በዚህ ድራይቨር ይሠራል» የሚል ማረጋገጫ ይሰጣሉ። መሥሪያ ቤቱ የሚከፍለው ሥራው ቢቆም የሚጠይቀው አካል እንዲኖረው ነው። ከፍ ያሉት ሞዴሎች ላይ ደግሞ የሜሞሪ ስህተትን ራሱ የሚያርም ኢሲሲ የሚባል ዘዴ አለ። የሕንፃ ጭነት ለሚያሰላ ሰው አንዲት የተሳሳተች አሃዝ ጣጣ ታመጣለች፤ የኳስ ጌም ላይ ግን አንዲት ነጥብ ብትበላሽ የሰከንድ አንድ ስልሳኛ ቆይታ ትጠፋለች፤ ማንም አያያትም። እ.ኤ.አ. በ2017 ኤንቪዲያ ታይታን ኤክስፒ ለተባለው ካርዱ አዲስ ድራይቨር ሲለቅ፣ ማያን በመሳሰሉ የሙያ ሶፍትዌሮች ላይ ፍጥነቱ እስከ ሦስት እጥፍ እንደሚያድግ ራሱ ኩባንያው ተናግሯል። ካርዱ ላይ የተጨመረ አንዳችም ዕቃ አልነበረም። ደንበኛው በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ጨምሮ ሲገዛው የኖረው ነገር ምን እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ማስረጃ የሚገኝ አይመስለኝም።

ነገሩ የድሮ ወይም የርካሽ ካርዶች ጣጣ ብቻ ነው የሚል ካለ ወደ ላይኛው መደርደሪያ ይመልከት። አርቲኤክስ ኤ6000 በ4,650 ዶላር ሲሸጥ በዚያው ዘመን የወጣው የጌም ካርድ አርቲኤክስ 3090 ዋጋው 1,499 ዶላር ነበር። ኤ6000 ኮሩ በጥቂቱ ይበልጣል፤ 10,752 ለ10,496። ሜሞሪውም እጥፍ ነው፤ 48 ጊጋ። ሆኖም የ3090 ሜሞሪ ፈጣን ነው፤ በሰከንድ 936 ጊጋባይት ለ768። ጌም ላይ በሦስት እጥፍ ዋጋ የሚገኘው ከርካሹ ጋር እኩል መሄድ፣ አንዳንዴም ኋላ መቅረት ነው።

ስለዚህ አንድ ሻጭ «ይሄ እኮ አዲሱ 3,000 ዶላር ነበር» ሲላችሁ አይዋሽም። የዚያ ዋጋ አብዛኛው ክፍል ግን ለእናንተ የማይሠራ መሆኑን አልነገራችሁም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ ስለማይረጋ እዚህ የብር ዋጋ አልጽፍም፤ ብጽፍም ይህን ስታነቡት ያረጃል። ማየት ያለባችሁ ተመሳሳይ ቺፕ ያለው የጂፎርስ ላፕቶፕ ዛሬ በስንት እንደሚሸጥ ነው።

ይህን ማወዳደር በላፕቶፕ ላይ በጣም ይቀላል፤ ምክንያቱም አንዳንዶቹ መንትያ አላቸው። ዴል ፕሪሲዥን 5530 እና ዴል ኤክስፒኤስ 15 9570 ቁመናቸው አንድ ነው፤ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ለመለየት ያስቸግራል። በኤክስፒኤሱ ውስጥ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ይገኛል፤ በፕሪሲዥኑ ውስጥ ኳድሮ ፒ2000። ሁለቱም 768 ኮር፣ ሁለቱም 4 ጊጋ። ዋጋቸው እኩል ከሆነ ፕሪሲዥኑን ያለ ሐሳብ ግዙ፤ «ፕሮፌሽናል ስለሆነ» ተብሎ ከተጨመረበት ግን ጭማሪው የሻጩ ትርፍ ብቻ ነው። ቀደም ያለው ጥንድ ላይ ነገሩ ይከፋል። ኤክስፒኤስ 15 9560 ጂቲኤክስ 1050 ሲኖረው መንትያው ፕሪሲዥን 5520 የያዘው ኳድሮ ኤም1200 ነው። ኮራቸው እኩል 640 ቢሆንም የኳድሮው ቺፕ የአንድ ትውልድ ታላቅ ነው፤ በዚህ ነገር ላይ ደግሞ ታላቅ መሆን አያስከብርም።

ትውልዱን የሚነግራችሁ ከቁጥሩ በፊት ያለው ፊደል ነው። ኬ፣ ኤም፣ ፒ፣ ቲ እያለ ወደ አዲሱ ይመጣል፤ ከቲ በኋላ ኤ ይከተላል። ጣጣው ላፕቶፕ ላይ መጨረሻም ላይ ኤም መኖሩ ነው፦ ኤም2000ኤም ሲባል የፊተኛው ትውልዱን፣ የኋለኛው የላፕቶፕ መሆኑን ያሳያል። ይሄ ፊደል ለምን ያሳስባል ብትሉ፣ የኬ ትውልድ ካርዶች ለጌም የሚሆን አዲስ ድራይቨር ማግኘት ያቆሙት ከእ.ኤ.አ. 2021 ጀምሮ ነው። ኤም እና ፒ ደግሞ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2025 ላይ ተራቸው ደርሷል፤ ከእንግዲህ የሚያገኙት የደኅንነት ማስተካከያ ብቻ ነው፣ እሱም እስከ 2028። ከዚህ በኋላ የሚወጣ ጌም በእነዚህ ካርዶች ላይ ቢበላሽ የሚያስተካክልላችሁ የለም። በአሁኑ ገበያ ከአሮጌዎቹ ኳድሮዎች መካከል ለጌም ልብ ከሚጣልባቸው አንዱ ቲ2000 ነው፤ ከላፕቶፑ ጂቲኤክስ 1650 ጋር እኩል 1,024 ኮር አለው።

ፊደሉ ብቻውን ግን አይበቃም። ፒ400 ከኬ4000 ይልቅ አዲስ ነው፤ ኮሩ ግን 256 ነው፣ የኬ4000 768። ደግሞ ፒ2000 የሚባለው ዴስክቶፕ ላይ 1,024 ኮርና 5 ጊጋ ሲኖረው ላፕቶፕ ላይ ከላይ እንዳየነው 768 እና 4 ነው፤ ስሙ ግን ያው። በላፕቶፑ ሞዴል ስም ላይ የምትለጠፈው ነጠላ ፊደልም ብዙ ሰው አስለቅሳለች። ሌኖቮ ቲንክፓድ ፒ52 እስከ ፒ3200 የሚደርስ ካርድ ይዞ ይመጣል። ፒ52ኤስ ደግሞ ቀጭን ወንድሙ ነው፤ የሚይዘው ፒ500 የሚባል 256 ኮር ብቻ ያለው ካርድ ነው። ማስታወቂያው ላይ ሁለቱም «ቲንክፓድ ፒ52፣ ኳድሮ» ተብለው ይጻፋሉ። በኤችፒ በኩልም ዜድቡክ 15 ጂ5 እና ዜድቡክ 15ዩ ጂ5 እንዲሁ ናቸው፤ ዩ ያለበት ለጌም አይሆንም። ላፕቶፑን ገልብጡና ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ።

አሁን ወደ «8 ጊጋው» እንምጣ። አንድ ሱቅ ውስጥ እናትና አሥራ አምስት ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጇ ላፕቶፕ ሊገዙ መጥተው አይቻለሁ። ሻጩ ስክሪኑ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጎ፣ ዲስፕሌይ ሴቲንግን ከፍቶ፣ ወደ ታች ወርዶ አንዲት ትንሽ መስኮት አወጣ። «ይኸው እናቴ፣ በዓይንዎ ይዩት፤ 8 ጊጋ ግራፊክስ ይላል።» እውነትም ይላል። ልጁ ጎንበስ ብሎ «ከሥሩ ያለው 128ስ ምንድነው?» አለ። «እሱ የሲስተም ነው አባቴ፣ ተወው።»

ሊታይ የሚገባው እሱው ነበር። ላይኛው መስመር፣ ቶታል አቬይለብል ግራፊክስ ሜሞሪ የሚለው፣ ዊንዶውስ ካስፈለገ ከራሙ ላይ ቆርሶ ሊያውሰው የሚችለውን ጨምሮ ነው የሚደምረው፤ ብድሩ ደግሞ የራሙን ግማሽ ያህል ነው። ስለዚህ 16 ጊጋ ራም ያለው ማንኛውም ላፕቶፕ፣ ምንም ካርድ ባይኖረው እንኳ፣ እዚያ መስመር ላይ 8 ጊጋ ገደማ ያሳያል። የራሱ የሆነው ዴዲኬትድ ቪዲዮ ሜሞሪ ከሚለው ትይዩ የተጻፈው ነው፤ እዚያ 128 ሜጋ ካለ ያያችሁት ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚመጣውን የኢንቴል ግራፊክስ ነው። ኳድሮ ቢኖር እንኳ ሻጩ የ4 ጊጋውን ካርድና የ8 ጊጋውን ብድር ደምሮ «12 ጊጋ» ሲል ሰምቼ አውቃለሁ፤ ለድፍረቱ አድንቄዋለሁ።

በዚያ ላይ የራሱ የሆነው ጊጋ ራሱ የፍጥነት መለኪያ አይደለም። መጋዘን ሰፊ ስለሆነ ብቻ የጭነት መኪና ቶሎ አይራገፍም፤ የሚያራግፉት ሰዎች ቁጥርና ጉልበት ነው ወሳኙ። የግራፊክስ ካርድ ጉልበት ኮሩ፣ ትውልዱና የሜሞሪው ፍጥነት ነው።

ሱቅ ውስጥ ሆናችሁ ይህን ለማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ የሚለውን ስትነኩ በስተግራ ጂፒዩ 0 እና ጂፒዩ 1 ይደረደራሉ። ካርድ ያለው ላፕቶፕ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ያሳያል። የሁለተኛውን ሙሉ ስም በስልካችሁ ፎቶ አንሱና የዚያን ካርድ የኮር ብዛት ኢንተርኔት ላይ ፈልጉ። ከዚያ የምትጫወቱትን ጌም ዝቅተኛ መስፈርት አውጡ። ለምሳሌ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 24 ከታች የሚጠይቀው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይን ነው፤ ስለዚህ ላፕቶፑ ላይ ያለው ፒ2000 ጫፉን ይነካል፣ ኤም1200 አይደርስም። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ የወጣው የኢንዲያና ጆንስ ጌምና ከእሱ በኋላ የመጣው ዱም፦ ዘ ዳርክ ኤጅስ ደግሞ ሬይ ትሬሲንግ የሚባለውን የብርሃን ስሌት የሚሠራ ቺፕ ከሌለ ጭራሽ አይከፈቱም። ኬም ሆነ ኤም፣ ፒም ሆነ ቲ2000፣ ጊጋው የፈለገውን ያህል ቢሆን አይረዳም።

ቻርጀሩንም አደራ። ፕሪሲዥን 5530 የሚመጣው በ130 ዋት ቻርጀር ነው። እዚህ በ65 ዋት ቻርጀር ሲሸጥ ባትሪው ይሞላል፣ ፊልም ያሳያል፣ ሁሉም ነገር ደኅና ይመስላል፤ ጌም ሲከፈት ግን ማሽኑ ራሱን ያቀዘቅዝና መንቀርፈፍ ይጀምራል። ሱቁ ውስጥ ከባድ ነገር ከፍታችሁ ሩብ ሰዓት ያህል ሳታስቆሙ አሠሩት። ሻጩ ካጉረመረመ ያጉረምርም።

ዴስክቶፕ ለሚገዙ ጥቂት ነገር ልጨምር። ኤንቪኤስ የሚል ስም ያለበት ካርድ ካያችሁ አትድከሙ፤ ኤንቪኤስ 310 እና 315 ባንክና ቢሮ ውስጥ ሁለት ስክሪን እንዲያበሩ የተሠሩ ናቸው፣ ኮራቸው 48 ነው። ኳድሮ ፒ2000ን ከቴሌቪዥን ጋር ልታገናኙ ካሰባችሁ ኤችዲኤምአይ ማስገቢያ የለውም፤ አራቱም ዲስፕሌይፖርት ናቸው። ማገናኛ ገመዱ ደግሞ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሠራ ስለሆነ ስትገዙ ከዲስፕሌይፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ የሚለውን ጠይቁ። የቢሮ ዴስክቶፖች ፓወር ሰፕላይ ብዙ ጊዜ ለካርድ የሚሆን ተጨማሪ ገመድ የለውም፤ ካርዱ ከማዘርቦርዱ ብቻ የሚያገኘው ቢበዛ 75 ዋት ነው። በዚህ ልክ የሚሠሩ የጌም ካርዶች አሉ፦ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ ጂቲኤክስ 1650፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ባለ 6 ጊጋው አርቲኤክስ 3050። የመጨረሻው 70 ዋት ብቻ ይወስዳል፤ እኔን ብትጠይቁኝ ላረጀ የቢሮ ዴስክቶፕ ከእሱ በላይ የሚመቸው የለም።

እዚህ ላይ ለወርክስቴሽን ካርድ አንድ ምስክርነት ልስጥ። ቀጭንና አጭር ሳጥን ያለው ዴስክቶፕ ካላችሁ አርቲኤክስ ኤ2000 ያምርበታል። 3,328 ኮሩን ይዞ በ70 ዋት ይሠራል፤ ቁመቱም ዝቅ ያለ ነው። ያገለገለው በደኅና ዋጋ ከተገኘ ለጌም ቢገዛ አልቃወምም።

የተጭበረበረ ካርድም አለ። ማሸጊያው ላይ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ የሚል፣ ዊንዶውስም እንደዚያው የሚያነበው፣ ውስጡ ግን እ.ኤ.አ. የ2010 ጂቲኤስ 450 ወይም የ2011 ጂቲኤክስ 550 ቲአይ የሆነ። ታስክ ማናጀር እዚህ ላይ ይሸወዳል። ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከእ.ኤ.አ. 2018 ወዲህ ያለው ስሪት እንዲህ ያለውን የኤንቪዲያ ካርድ ሲያገኝ የውሸት ነው ብሎ ምልክት ያደርግበታል።

የአርክቴክቸርና የኢንቴሪየር ዲዛይን ተማሪዎች «ለእናንተ ኳድሮ ነው የሚያስፈልገው» ሲባሉ ትሰማላችሁ። ሶሊድወርክስ ላይ ሪልቪው የሚባለውን አሠራር የሚጠቀም የሜካኒካል ተማሪ ከሆነ ምክሩ ልክ ነው፤ ማረጋገጫ ያለው ካርድ ይፈልጋል። ሉሚዮን ላይ ሬንደር የሚያደርግ ተማሪ ግን፣ ሉሚዮን አሠራሩ ከጌም ስለማይለይ፣ በዚያው ገንዘብ የጌም ካርድ ቢገዛ ሥራው ይፈጥንለታል። ብሌንደርም እንዲሁ። ይህ ስህተት ለጌም ከሚሠራው ይልቅ ያሳዝነኛል፤ የመመረቂያ ፕሮጀክት ማስረከቢያ ሲደርስ ሌሊቱን ሙሉ አንድ ምስል የሚጠብቁ ልጆች አሉና።

አሜሪካ ወይም ዱባይ ያለ ዘመድ ካርድ እንዲልክላችሁ ስትጠይቁ «ጥሩ ግራፊክስ ካርድ» ብላችሁ አትጻፉለት። እዚያ መሥሪያ ቤቶች የሚያስወግዷቸው ኳድሮዎች በርካሽ ስለሚገኙ፣ ዘመዳችሁ በቅን ልቡና ዋጋው ይበልጥ የወደቀለትን ይዞ ይመጣል፤ ሻንጣ ውስጥ አንዴ ከገባ ደግሞ መመለሻ የለውም። የሞዴሉን ሙሉ ስም፣ ፊደሉን ከነቁጥሩ፣ የሚፈቀደውን ዋትና የሳጥናችሁን ቁመት ጻፉለት።

እዚህ ስትገዙም ደረሰኙ ላይ «ላፕቶፕ ኮር አይ 7» ብቻ ተጽፎ አትውጡ። የካርዱ ሙሉ ስም ይጻፍበት፤ የመመለሻ ቀን ከተሰጣችሁም አብሮ ይጻፍ። ኋላ ክርክር ቢነሳ የምትይዙት እሱን ነው።

አስቀድማችሁ የገዛችሁ ደግሞ በኪሳራ ለመሸጥ አትጣደፉ። መጀመሪያ ጌሙ በየትኛው ካርድ እየሠራ እንደሆነ እዩ፤ ሁለት ጂፒዩ ያለው ላፕቶፕ ጌሙን በኢንቴሉ ላይ ሲያስኬድ ማግኘት የተለመደ ነው። በዊንዶውስ ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ ግራፊክስ ውስጥ ገብታችሁ ጌሙን ምረጡና ሃይ ፐርፎርማንስ በሉት። ከዚያ የጌሙን ሪዞሉሽን ከ1080 ወደ 900 ወይም ወደ 720 አውርዱ፣ ጥላና ነጸብራቅ የሚባሉትን አጥፉ። «ግራፊክስ እናሳድጋለን» ለሚል ባለሙያ ግን ሳንቲም አትክፈሉ፤ አብዛኞቹ ላፕቶፖች ላይ ካርዱ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው። ባዮስ ውስጥ ገብቶ ቁጥር መለወጥም ከራሙ ላይ ተጨማሪ መቁረስ ብቻ ነው። በዚያ ገንዘብ ለማሽኑ ትክክለኛውን ቻርጀር ግዙ፣ አቧራውን አስጠርጉ፣ የደረቀውን ተርማል ፔስት አስቀይሩ።